ተንደርበርድ ከሰርቨሩ ጋር አልገናኝ አለ፤ ዌብሜይሉ ግን በስልክ ይከፈታል

ብራና፦

ሰላም ለሁላችሁ። ዊንዶውስ 10 ላይ ተንደርበርድ የሚባለውን የኢሜይል ፕሮግራም ነው የምጠቀመው። አካውንቱ በራሳችን ዶሜይን ተከፍቶ ሆስቲንግ ላይ የተቀመጠ ነው፤ ጂሜይል ወይም አውትሉክ አይደለም። መቀበያው አይማፕ (መልእክቶቹ ሰርቨሩ ላይ የሚቀመጡበት ዘዴ)፣ ፖርት 993፣ ምስጠራው ኤስኤስኤል/ቲኤልኤስ። መላኪያው ፖርት 465፣ እሱም ኤስኤስኤል/ቲኤልኤስ። እስካሁን በዚሁ ሴቲንግ ያለ ችግር ሲሠራ ነበር።

ከትናንት ጠዋት ጀምሮ መልእክት አምጣ ስለው ለረጅም ጊዜ ይፈልግና "ኮኔክሽን ታይምድ አውት" ብሎ ይተወዋል። መላክም እንደዚያው።

ያየኋቸው ነገሮች፦ ኢንተርኔት አለ፣ ሌላው ሁሉ ይከፈታል። ዌብሜይሉ (በብሮውዘር የሚከፈተው) በስልክ ዳታ ይገባል፤ አዳዲስ መልእክቶችም ተጠራቅመዋል። ከትናንት በስቲያ የኢሜይሉን ፓስወርድ በዌብሜይል በኩል ቀይሬ ነበር። ከዚያ በኋላ ተንደርበርድ "ሎጊን ፌይልድ" እያለ ሲያስቸግር "ሪትራይ" የሚለውን ደጋግሜ ተጫንኩ። በማግስቱ ፓስወርድ መጠየቁን ራሱ ትቶ ወደዚህ ታይምድ አውት ገባ። ፕሮግራሙን አጥፍቼ እንደገና ጭኜዋለሁ፤ ለውጥ የለም። አካውንቱን ሰርዤ እንደ አዲስ ልሥራው ወይስ ሌላ መላ አለ?

ሽቦ_አልባ፦

መቀበያውን ፖርት 143 አድርገህ ምስጠራውን አጥፋና ሞክር። መላኪያውን ደግሞ ከኤስኤስኤል/ቲኤልኤስ ወደ ስታርትቲኤልኤስ (በግልጽ ተጀምሮ በኋላ የሚመሳጠር) ቀይረው። አንዳንዴ ኤስኤስኤሉ ነው የሚያስቸግረው። አንቲቫይረስ ካለም ዝጋው።

ሰርቨር_ጠባቂ፦

ሽቦ_አልባ፣ አትቀየመኝና ይሄ ምክር ይቅር። 143 ላይ ምስጠራ ከጠፋ ፓስወርዱ እንዳለ፣ ማንም ሊያነበው በሚችል መልኩ ነው የሚሄደው። ብዙ ሰርቨርም ባልተመሰጠረ መስመር የሚመጣ ፓስወርድ አይቀበልም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ትናንት ሲሠራ የነበረ ሴቲንግ በራሱ አይበላሽም። ሳያውቁ ሴቲንግ መነካካት አንዱን ችግር ሁለት ያደርገዋል።

ብራና፣ አካውንቱን አትሰርዝ። እንደገና መጫንህ ለውጥ ያላመጣውም ተንደርበርድ አካውንቱን፣ የተቀመጡ ፓስወርዶችንና መልእክቶቹን የሚያኖረው ከፕሮግራሙ ተለይቶ በፕሮፋይል ፎልደር ውስጥ ስለሆነ ነው። ፕሮግራሙ ቢጠፋም ፎልደሩ እዚያው ይቀራል፤ አዲሱም መጥቶ ያንኑ ያነባል። አካውንቱ በፖፕ (መልእክቱን ወደ ኮምፒውተሩ የሚያወርድ ዘዴ) የተሠራ ቢሆን ኖሮ ደግሞ መሰረዝ ከባድ ጥፋት ሊሆን ይችል ነበር፤ በፖፕ የወረደ መልእክት ብዙ ጊዜ ያለው ኮምፒውተሩ ላይ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ጉዳዩ። ፕሮግራሙ መልእክት ከማምጣቱ በፊት በቅደም ተከተል አራት ነገር ያደርጋል። መጀመሪያ የሰርቨሩን ስም ወደ አይፒ አድራሻ ይቀይራል። ቀጥሎ በዚያ አድራሻ 993 የሚባለውን በር ያንኳኳል። በሩ ሲከፈት በቲኤልኤስ ይመሳጠራሉ፤ ሰርተፊኬት የሚታየው እዚህ ላይ ነው። የአካውንቱ ስምና ፓስወርድ የሚቀርበው ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ በመጨረሻ ነው። የሚወጣው የስህተት መልእክት የትኛው ደረጃ ላይ እንደቆመ ይናገራል። ሰርቨሩ አልተገኘም ካለ ስሙ ተሳስቷል ወይም ዲኤንኤሱ (ስሙን ወደ አይፒ የሚቀይረው አገልግሎት) ታሟል። "ታይምድ አውት" ወይም "ሪፊውዝድ" ካለ በሩ ላይ ነው። ስለ ሰርተፊኬት ካወራ ምስጠራው ላይ ነው። "ሎጊን ፌይልድ" ካለ ሦስቱን አልፎ ፓስወርዱ ላይ ደርሷል ማለት ነው።

ያንተ ነገር ደስ የሚለው ወደ ኋላ መሄዱ ነው። ከትናንት በስቲያ ፓስወርድ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዛሬ በሩ ላይ ቀረ። ስለዚህ አሁን ላለው ታይምድ አውት ፓስወርዱ ቀጥተኛ ምክንያት አይደለም፤ ገና አልተጠየቀማ። ግምት አለኝ፣ ግን መጀመሪያ እነዚህን ሞክርና ውጤቱን ጻፍ። ትዕዛዞቹን እዚህ ያስቀመጥኳቸው እንደ አነባበባቸው ነው፤ አንተ በእንግሊዝኛ ፊደል ትጽፋቸዋለህ።

ፓወርሼል (ዊንዶውስ ላይ ትዕዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ክፈት። "ኤንኤስሉክአፕ" ብለህ አንድ ክፍተት ትተህ የሰርቨሩን ስም ጻፍ። አይፒ አድራሻ ከመለሰልህ ስሙ ደህና ነው። ቀጥለህ "ቴስት-ኔትኮኔክሽን"፣ ክፍተት፣ የሰርቨሩ ስም፣ ክፍተት፣ "-ፖርት 993" ብለህ ኢንተር ንካ። ጥቂት ሴኮንድ ይቆይና መጨረሻው መስመር ላይ "ቲሲፒ-ቴስት-ሰክሲድድ" ከሚለው ፊት ለፊት "ትሩ" ወይም "ፎልስ" ይላል። ያንኑ በ465 ድገመው፤ ከዚያ በ443 (ዌብሜይሉ የሚከፈትበት ነው)። በመጨረሻ ኮምፒውተሩን ከዋይፋዩ አውጥተህ ከስልክህ ሆትስፖት ጋር አገናኝና 993ን እንደገና ሞክር።

ፒንግ (ሰርቨሩ መልስ ይሰጥ እንደሆነ የሚያይ ትዕዛዝ) ብቻ አድርገህ አትፍረድ። ብዙ ሰርቨር ፒንግ ላለመመለስ ይዘጋል፤ ሜይሉ ግን በደንብ ይሠራል።

ብራና፦

አመሰግናለሁ። ኤንኤስሉክአፕ አድራሻውን ወዲያው መለሰ። በዋይፋይ 993 ፎልስ፣ 465 ፎልስ፣ 443ም ፎልስ። ዌብሜይሉም በዚሁ ዋይፋይ ከኮምፒውተሩ አልከፍት አለኝ፤ ይሄን ቀድሞ አላየሁትም ነበር። በስልክ ሆትስፖት ግን 993 ትሩ አለ።

ሰርቨር_ጠባቂ፦

እንግዲያው ግምቴ ልክ ነበር፦ ሰርቨሩ የዋይፋይህን አይፒ አድራሻ አግዶታል። ሰርቨሩ ቢወድቅ በሆትስፖትም ትሩ አይልም ነበር። ኮምፒውተሩ ላይ ያለ ፋየርዎል ወይም አንቲቫይረስ ቢሆን ሆትስፖቱም ላይ በከለከለህ ነበር። ራውተሩ የሜይል ፖርቶችን ዘግቶ ቢሆን ደግሞ 443 ይሠራ ነበር፤ በ443 ሌላው ድረ ገጽ ሁሉ ይከፈትልሃልና። ሦስቱም በሮች፣ ለዚህ አንድ ሰርቨር ብቻ፣ ከዚህ አንድ መስመር ብቻ ሲዘጉ እገዳ ነው።

የመጣበት መንገድ ይሄ ነው። ሰርቨሮች ፓስወርድ በመገመት ሰብሮ ለመግባት የሚሞክርን ለመከላከል የተሳሳተ ሙከራ ይቆጥራሉ። ለምሳሌ ፌይልቱባን የሚባለው የተለመደው መከላከያ ሳይነካ እንደተጫነ ከተተወ፣ በ10 ደቂቃ ውስጥ 5 ጊዜ የተሳሳተን አድራሻ ለ10 ደቂቃ ያግዳል። የሆስቲንግ ድርጅቶች ግን ቁጥሩን እንደፈለጉ ስለሚያስተካክሉት እገዳው ሰዓታት ወይም ቀናት ሊቆይ ይችላል። "ሪትራይ" ማለት ደግሞ "ያንኑ አሮጌ ፓስወርድ እንደገና ላክ" ማለት ነው። አዲሱን ለማስገባት "ኢንተር ኒው ፓስወርድ" የሚለው ነበር የሚነካው። አምስት ሪትራይ ለሰርቨሩ አምስት የሌባ ሙከራ ነው።

አንዳንዱ ፋየርዎል የታገደን ሰው "አልቀበልም" ብሎ ይመልሰዋል፤ ያኔ ወዲያው "ሪፊውዝድ" ታያለህ። አንዳንዱ ደግሞ ዝም ብሎ ጥያቄውን ይጥለዋል፤ ያኔ እንዳንተ እስከ ታይምድ አውት መጠበቅ ነው።

አሁን ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። እገዳውን ከማስነሳትህ በፊት አሮጌውን ፓስወርድ የያዘውን ሁሉ ዝም አሰኝ፤ ካልሆነ በተነሳ በደቂቃዎች ውስጥ ትመለስበታለህ። በአንድ ራውተር ስር ያለ መሣሪያ ሁሉ ውጭ ሲወጣ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ አይፒ ነው የሚታየው። የአንዱ ስህተት ሁሉንም ያስቀጣል ማለት ነው። ተንደርበርድ ካልቀየርከው በየ10 ደቂቃው አዲስ መልእክት ይጠይቃል፤ ቢያንስ ግን ፊትህ ላይ ሳጥን ከፍቶ ይነግርሃል። የስልክና የታብሌት ሜይል አፕ ግን ከጀርባ ሆኖ ዝም ብሎ ሊሞክር ይችላል። ይሄ አካውንት ያለበት ሌላ መሣሪያ አለ?

ካለ እዚያ ላይ ማመሳሰሉን አጥፋ። ከዚያ ተንደርበርድ ላይ ፋይል፣ ኦፍላይን፣ ወርክ ኦፍላይን አድርግ። ሴቲንግስ ግባ፣ ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ፣ ወረድ ብለህ ሴቭድ ፓስወርድስ። እዚያ ለዚህ አካውንት ሁለት መስመር ታገኛለህ፤ አንዱ በአይማፕ (መቀበያው)፣ ሌላው በኤስኤምቲፒ (መላኪያው) የሚጀምር። ሁለቱንም ሰርዝ። ሰው ብዙ ጊዜ የመጀመሪያውን ብቻ ይሰርዝና "መቀበል ሠራ፣ መላክ እንቢ አለ" ይላል።

ቀጥሎ በዋይፋዩ ሆነህ የውጭ አይፒ አድራሻህን እይ (ብሮውዘር ላይ "የኔ አይፒ ስንት ነው" ብለህ ፈልግ)፤ በ192.168 የሚጀምረው የውስጥ ስለሆነ አይጠቅማቸውም። ለሆስቲንጉ ድጋፍ ክፍል በስልክ ዳታ በዌብሜይል ወይም በቲኬት ጻፍላቸው፦ ይህ አይፒ በተደጋጋሚ የተሳሳተ መግቢያ ምክንያት የታገደ ይመስላል፣ 993፣ 465 እና 443 አይከፈቱም፣ ከሌላ መስመር ይከፈታሉ፣ አሮጌው ፓስወርድ ከመሣሪያዎቹ ጠፍቷል፣ እገዳውን አንሱልኝ። እንዲህ ከተጻፈላቸው "ኮምፒውተሩን አጥፍተው ያብሩ" ወደሚለው አይልኩህም። ራውተሩን አጥፍቶ ማብራት አዲስ አይፒ ሊሰጥህ ይችላል፤ አድራሻህ ቋሚ ከሆነ ግን አይሠራም። ቢሠራም አሮጌው ፓስወርድ ካልጠፋ አዲሱን አድራሻ ደግሞ ታሳግዳለህ።

ቀለበት፦

የብራና ጉዳይ መንገድ ይዟል፤ ጂሜይል ወይም አውትሉክ ይዞ እዚህ ለሚደርስ ሰው ግን ነገሩ ብዙ ጊዜ ሌላ ነው። እዚያ በሩ ይከፈታል፣ ፓስወርዱም ልክ ነው፤ ሰርቨሩ ግን የፓስወርድ መግቢያን ራሱን አይቀበልም።

ጉግል ለግል አካውንቶች ተራ ፓስወርድ ብቻ ተጠቅሞ በሜይል ፕሮግራም መግባትን በሜይ 2022 መጨረሻ አስቁሟል። ማይክሮሶፍት ለድርጅት አካውንቶች ከኦክቶበር 2022 ጀምሮ፣ ለግል አውትሉክና ሆትሜይል ደግሞ በሴፕቴምበር 2024 ዘግቶታል። ስለዚህ ብሮውዘር ላይ የሚሠራ ፓስወርድ ተንደርበርድ ላይ "ሎጊን ፌይልድ" ቢል አይግረማችሁ፤ ደጋግሞ መጻፉ ምንም አያመጣም።

መፍትሔው፦ አካውንት ሴቲንግስ፣ ሰርቨር ሴቲንግስ፣ ኦተንቲኬሽን ሜተድ የሚለውን ከ"ኖርማል ፓስወርድ" ወደ "ኦኦት2" (በራሱ በጉግል ወይም በማይክሮሶፍት የመግቢያ መስኮት በኩል የሚገባበት ዘዴ) መቀየር። ያንኑ ለመላኪያው ሰርቨርም ለብቻው መቀየር ያስፈልጋል፤ አካውንት ሴቲንግስ ውስጥ በግራ በኩል ከዝርዝሩ ግርጌ "አውትጎይንግ ሰርቨር" የሚለው ነው። አሮጌዎቹን ፓስወርዶች ከሴቭድ ፓስወርድስ ሰርዛችሁ ተንደርበርድን ዝጉና ክፈቱ። የመግቢያ መስኮት ብቅ ይላል። መስኮቱ ነጭ ሆኖ ከቀረ ወይም ገብታችሁ ደጋግሞ ከጠየቀ ሴቲንግስ ውስጥ ኩኪ መቀበል ተዘግቶ እንደሆነ እዩ፤ ኦኦት2 ያለ ኩኪ አይጨርስም።

ፕሮግራማችሁ ያረጀ ሆኖ ኦኦት2 የሚባል ምርጫ ከሌለው ለጂሜይል አፕ ፓስወርድ አለ። መጀመሪያ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ መብራት አለበት፤ ከዚያ ጉግል 16 ፊደል ያለው ፓስወርድ ይሰጣችኋል፣ እሱን በዋናው ፈንታ ታስገባላችሁ። በአራት በአራት ተከፋፍሎ የሚታየው ለዓይን እንዲመች ነው፤ ክፍተቶቹን መጻፍ አያስፈልግም። የጉግሉን ዋና ፓስወርድ በቀየራችሁ ቁጥር አፕ ፓስወርዶቹ ሁሉ ይሰረዛሉ፤ "ትናንት ይሠራ ነበር" የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ መልሱ እዚህ ነው። ለአውትሉክ የግል አካውንት አፕ ፓስወርድ ከእንግዲህ መውጫ አይሆንም፤ ኦኦት2 የሚችል ፕሮግራም ነው የሚያስፈልገው።

መልእክተኛ፦

ሰርቨር_ጠባቂ ሦስተኛውን ደረጃ በአንድ ዓረፍተ ነገር አልፎታልና ልጨምርበት፤ ሰርተፊኬት ላይ የሚቆም ብዙ ሰው አለ።

መጀመሪያ የኮምፒውተሩን ቀን እዩ፤ ዓመቱን ጭምር። ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ትንሽ ክብ ባትሪ (ብዙ ጊዜ ሲአር2032) ስትሞት ኮምፒውተሩ በተነሳ ቁጥር ቀኑ ዓመታት ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ያኔ ደህናው ሰርተፊኬት ሁሉ "ገና አልጀመረም" ይባላል።

ሁለተኛው የስም አለመመሳሰል ነው። በራስ ዶሜይን "ሜይል ነጥብ" ብላችሁ የሞላችሁት ስም ወደ ሆስቲንጉ ሰርቨር ያደርሳል፤ ሰርተፊኬቱ ግን በሆስቲንጉ ሰርቨር ስም የወጣ ሊሆን ይችላል። ሆስቲንጉ የሰጣችሁን ትክክለኛ የሰርቨር ስም መሙላት ይሻላል። "ኮንፈርም ሴኩሪቲ ኤክሴፕሽን" ብሎ ማለፍ ይቻላል፣ ግን ማን እንደሆነ ላላያችሁት ሰው በር መክፈት ነው።

ሦስተኛው አንቲቫይረስ ነው። ኢሜይል ለመመርመር መሃል ገብቶ የሰርቨሩን ሰርተፊኬት በራሱ ይተካዋል። ሰርተፊኬቱን ከፍታችሁ "ያወጣው" ከሚለው ፊት ለፊት የአንቲቫይረሳችሁን ስም ካያችሁ ጥፋተኛው እሱ ነው። ሽቦ_አልባ አንቲቫይረሱን ዝጋ ያለው ከዚህ የመጣ ሳይሆን አይቀርም፤ ነገር ግን ሙሉውን መዝጋት አያስፈልግም። የኢሜይል ወይም የኤስኤስኤል ፍተሻ የሚለውን ብቻ ማጥፋት ይበቃል።

አንድ ደግሞ፦ ከተንደርበርድ 78 (2020) ወዲህ ከቲኤልኤስ 1.2 በታች አይቀበልም። ያረጀ ሰርቨር ካላችሁ ዝማኔው በመጣ ማግስት ግንኙነቱ ይቆማል። ኮንፊግ ኤዲተር ውስጥ ገብቶ ዝቅ ማድረግ ይቻላል፤ መታደስ ያለበት ግን ሰርቨሩ ነው።

ብራና፦

ታብሌቱ ላይ አካውንቱ ነበረ፤ አሮጌውን ፓስወርድ ይዞ። ማመሳሰሉን አጠፋሁ፣ ሁለቱንም ፓስወርዶች ሰረዝኩ፣ ጻፍኩላቸው፤ በሁለት ሰዓት ውስጥ እገዳውን አነሱት። አሁን በዋይፋይ 993ም 465ም ትሩ ይላሉ። አዲሱን ፓስወርድ አስገብቼ መልእክቶቹ በሙሉ ወረዱ።

መላክ ግን አሁንም ታይምድ አውት ይላል። ፓስወርድ እንኳ አልጠየቀኝም። ፖርቱ ትሩ እያለ እንዴት ይሆናል?

ሰርቨር_ጠባቂ፦

በመሃል የሽቦ_አልባን ምክር ሞክረህ ነበር? መላኪያው ላይ ፖርቱ 465 እንደሆነ ቀርቶ ኮኔክሽን ሴኩሪቲው ስታርትቲኤልኤስ ሆኖ እንደሆነ እይ።

465 ከመጀመሪያዋ ባይት ጀምሮ በምስጠራ የሚነገርበት በር ነው፤ ሰርቨሩ ዝም ብሎ የፕሮግራሙን የምስጠራ ሰላምታ ይጠብቃል። ስታርትቲኤልኤስ ያልከው ፕሮግራም ደግሞ ሰርቨሩ መጀመሪያ በግልጽ ሰላም እስኪለው ይጠብቃል፤ መመሳጠር የሚጠይቀው ከዚያ በኋላ ነው። ሁለት ሰው በር ላይ "አንተ ቅደም"፣ "የለም አንተ ቅደም" ተባብለው ሁለቱም እንደቆሙ ሲመሽ ማለት ነው። በሩ ክፍት ስለሆነ ፈተናው ትሩ ይላል፤ ወሬው ግን አይጀመርም።

ጥንዶቹ እነዚህ ናቸው፦ 465 ከኤስኤስኤል/ቲኤልኤስ፣ 587 ከስታርትቲኤልኤስ። በመቀበያ 993 ከኤስኤስኤል/ቲኤልኤስ፣ 143 ከስታርትቲኤልኤስ። ፖፕ ለሚጠቀም 995 ከኤስኤስኤል/ቲኤልኤስ፣ 110 ከስታርትቲኤልኤስ። 25ን ተውት፤ እሱ ሰርቨር ለሰርቨር የሚነጋገሩበት ነው፣ ብዙ የኢንተርኔት አቅራቢም ይዘጋዋል።

ሽቦ_አልባ፦

ጥፋቱ የኔ ነው፤ ፖርቱንም አብረህ ወደ 587 ቀይር ማለት ነበረብኝ።

ብራና፦

ልክ ነው፣ ስታርትቲኤልኤስ ላይ ነበር። ወደ ኤስኤስኤል/ቲኤልኤስ መለስኩት፤ ወዲያው ፓስወርድ ጠየቀኝ፣ አስገባሁ፣ ተላከ። ታብሌቱንም አዲሱን ፓስወርድ ሰጥቼ አብርቼዋለሁ። ሁለተኛ ኮምፒውተር ላይም ይሄንኑ አካውንት ልጨምር ነው፤ በአንድ ዋይፋይ ሦስት መሣሪያ መሆኑ እንደገና ያሳግደኝ ይሆን?

ሰርቨር_ጠባቂ፦

ፓስወርዱ ልክ እስከሆነ አያሳግድህም፤ የሚቆጠረው የተሳሳተ ሙከራ ነው። ነገር ግን ሌላ ገደብ አለ። ተንደርበርድ ለአንድ አይማፕ አካውንት እስከ 5 ግንኙነት በአንድ ጊዜ ይከፍታል። ብዙ ሆስቲንግ የሚጠቀምበት ዶቭኮት የሚባለው ሰርቨር ደግሞ ካልተቀየረ ለአንድ ተጠቃሚ ከአንድ አይፒ 10 ግንኙነት ብቻ ነው የሚፈቅደው። ሁለት ኮምፒውተር አሥሩን ይሞላዋል፤ ታብሌቱ ሲመጣ አንዱ ይገፋል፣ "ማክሲመም ነምበር ኦፍ ኮኔክሽንስ" የሚል ነገር ታያለህ። ይሄ ስህተት የሚመጣው አልፎ አልፎ ነው፤ ሦስቱም ሲበሩ ይታያል፣ አንዱ ሲጠፋ ይጠፋል።

ሁለቱም ኮምፒውተር ላይ አካውንት ሴቲንግስ፣ ሰርቨር ሴቲንግስ፣ አድቫንስድ ግባና "ማክሲመም ነምበር ኦፍ ሰርቨር ኮኔክሽንስ ቱ ካሽ" የሚለውን 5 ወደ 3 ዝቅ አድርገው። ተንደርበርድን ዘግተህ ክፈተው። ፎልደሮችህ እጅግ ብዙ ካልሆኑ ልዩነቱ አይታወቅህም።